«አልጫ» ስለ ተባለው ቃል

ጣዕምን ከሚናገሩት ቃሎቻችን መካከል እንደ «አልጫ» በማእድ ቤትም በሸንጎም በመጽሐፍም የሚሠራበት ጥቂት ነው። ባልቴቲቱ እንግዳዋን፦ «ቀይ ይኹን ወይስ አልጫ?» ብላ ስትጠይቅ በርበሬ የሌለበትን ወጥ ማለቷ ነው። ወጡን የቀመሰው ሰው፦ «አልጫ ነው» ሲል ግን ጨው ጐድሎታል ማለቱ ነው። ፍሬ የሌለው ንግግርም፥ ቁም ነገር የሌለው ሰውም አልጫ ይባላል። እንግዲህ አንዱ ቃል ይህን ኹሉ ሲሸከም፥ የትኛው ፍቺ ጥንታዊ እንደ ኾነ መመርመር ይገባል።

ዛሬ በርበሬ የምንለው ቀዩ ፍሬ ጥንተ ተክሉ በአሜሪካ ምድር ነው። ወደ ሌላው ዓለም የወጣውም ኮሎምቦስ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1492 ዓመት ወደዚያ ከደረሰ በኋላ ነው። ስለዚህ ከዚያ አስቀድሞ ወጥን በዚህ በርበሬ ቀይና አልጫ ብሎ መለየት ሊኖር አይችልም።

የጨው ነገር ግን ከዚህ እጅግ ይቀድማል። በ6ኛው መቶ ዓመት ኮስማስ የተባለው መንገደኛ ነጋዴ፥ የአክሱም ሰዎች በሬና ጨው ብረትም ይዘው ሳሱ ወደሚባል አገር እየኼዱ በወርቅ እንደሚለውጡ ጽፏል። በ1520 ዓመት ከፖርቱጋል መልክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝም፥ ጨው እንደ ገንዘብ ሲሠራበት አይቶ፥ ከሚቈረጥበት ስፍራ በራቀ መጠን ዋጋው እንደሚጨምር ተናግሯል። ይህም ከአፋር ቈላ ተቈርጦ ወደ ደጋ የሚወጣው አሞሌ ነው። በዚያ ዘመን ጨውን በድስት መጨመር ገንዘብን እንደ መጨመር ነበርና፥ የወጥ አልጫ መኾን የባልትና ጉድለት ሳይኾን የእጅ ማጠር ምልክት ሊኾን ይችል ነበር።

በማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 5 በግዕዙ «ለስሐ» የተባለውን የአማርኛው መጽሐፍ «አልጫ» ብሎ ተርጕሞታል። የዛሬ የከተማ ልጅ ይህን ሲሰማ እርድ የገባበት ቢጫ ወጥ ትዝ ቢለው አይፈረድበትም። ዳሩ ግን ቃሉ የተነገረው ስለ በርበሬ አይደለም። አሞሌን ቈጥሮ ለሚገበያይ ሰው፥ ጨው አልጫ ኾነ ማለት በእጅ ያለ ገንዘብ አፈር ኾነ እንደ ማለት ነው። ቃሉን በዚህ ሚዛን የሰማ ሰው ይደነግጣል።

በድስት ያለውን አልጫ ግን ስሙ በደለው እንጂ ጣዕም አላጣም። ሽንኩርቱ፥ ዝንጅብሉ፥ እርዱ፥ በፍስክም ንጥር ቅቤው አለበት፤ ሕፃንና ሽማግሌ፥ ሕመምተኛም ሳይቃጠል ይበላዋል። የጐደለው የሚያቃጥለው ብቻ ነው።

ስለዚህ ዝግ ብሎ የሚናገረውን፥ የማይቈጣውንም ሰው አልጫ ብለን ከመንቀፋችን በፊት፥ የጐደለው በርበሬ ነው ወይስ ጨው? ብለን እንጠይቅ። በርበሬ የሌለው ሰው ብዙ ጊዜ ለድኩማን የሚስማማ ማዕድ ነው። ነቀፋው የሚገባው ጨው ላጣው ነው።