ከምርመራው የቀደመው ትምህርት ቤት፦ የሕፃናት የመስማት ልኬት ታሪክ በአዲስ አበባ

የሕፃናት ኦዲዮሎጂ ገና አፉን ያልፈታ፣ ስለሚሰማው ነገር ተጠይቆም መመለስ የማይችል ልጅ ምን ያህል እንደሚሰማ የሚለካ፣ የጉድለቱን ምንጭ የሚመረምርና ልጁ ቋንቋ የሚያገኝበትን መንገድ የሚያመቻች ሙያ ሲሆን፣ ከጆሮ ቀዶ ሕክምናም ሆነ ከመምህርነት ተለይቶ ራሱን የቻለ የዕውቀት ዘርፍ ሆኖ የቆመው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ነው። በኢትዮጵያ የዚህ ሙያ ታሪክ አንድ ጎላ ያለ ጠባይ አለው፤ መስማት የተሳናቸውን ልጆች የሚያስተምረው ተቋም የመስማት ችሎታቸውን ከሚለካው ተቋም በብዙ ዓሥርት ዓመታት ቀድሞ ተተክሏል። ቅደም ተከተሉ የአጋጣሚ ነገር አልነበረም፤ ለትምህርት ቤት መምህርና ቤት ሲበቃው፣ ለምርመራ ግን በልዩ ሁኔታ የሠለጠነ ሰው፣ ውድ መሣሪያና ከሁሉም በላይ ጸጥታ ያስፈልጋል።

ከተቋማቱ ሁሉ በፊት የነበረው ምርመራ የቤት ውስጥ ምርመራ ነው። ሲጠሩት የማይዞር ልጅ ያሳሰባት እናት ከኋላው ታጨበጭባለች፣ የድስት ክዳን ታጋጫለች፣ በር ታንኳኳለች፤ ልጁ ከዞረ ልቧ ይረጋል፣ ካልዞረ ደግሞ ወደ ጠበል ወይም ወደ ሐኪም ይዛው ትሄዳለች። ይህ ፈተና የሚናቅ ባይሆንም ሁለት ጉድለቶች አሉበት። አንደኛው፣ ልጁ የዞረው ድምፁን ሰምቶ ይሁን ጥላ አይቶ ወይም የወለሉ ንዝረት ተሰምቶት ለይቶ ማወቅ አለመቻሉ ነው። ሁለተኛውና የከፋው ግን፣ ጭብጨባና የበር ድምፅ ብርቱና ወፍራም ድምፆች በመሆናቸው፣ ወፍራሙን እየሰማ ቀጭኑን ብቻ የሚያጣው ልጅ ፈተናውን ያለ ችግር ማለፉ ነው። እንዲህ ያለው ልጅ «ሰ»ን እና «ፈ»ን ሳይሰማ ያድግና ትምህርት ቤት ሲገባ ሰነፍ ወይም እልኸኛ ይባላል። በኢትዮጵያ የመስማት ታሪክ ውስጥ እጅግ ተረስቶ የቆየውም ፈጽሞ የማይሰማው ሳይሆን ይኸው በከፊል የሚሰማው ልጅ ነው።

መስማት ለተሳናቸው የሚሰጠው ዘመናዊ ትምህርት እ.ኤ.አ. በ1955 በዚያን ጊዜ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ተዋህዳ በነበረችው ኤርትራ፣ በከረን ከተማ፣ በስዊድን ሚስዮናውያን እንደተጀመረ ይታወቃል። በአዲስ አበባ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አሜሪካውያን ሚስዮናውያን የመካኒሳን ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ በዚያው ዓሥርት ዓመት አልፋ ትምህርት ቤት ተከተለ፤ በኋላም የሆሳዕና ትምህርት ቤት በፊንላንድ ሚስዮናውያን ተቋቋመ። ከቀደሙት ትምህርት ቤቶች የወጡ ወጣቶች በ1960ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ የራሳቸውን ብሔራዊ ማኅበር መሠረቱ፤ ለአማርኛ ፊደልም የጣት ፊደል ተዘጋጀለት፤ ይኸውም የእጁ ቅርፅ ተነባቢውን፣ የእጁ እንቅስቃሴ ደግሞ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉትን ሰባቱን ድምፆች የሚያመለክትበት፣ ከፊደሉ ባሕርይ የተቀዳ ሥርዓት ነው። መለኪያ ባልነበረበት በዚያ ዘመን ልጁን ወደ ትምህርት ቤት የሚያደርሰው ማስረጃ የቤተሰቡ ቃልና የመምህሩ ዓይን ነበር። ስለዚህ ምንም የማይሰማውና ግማሽ የሚሰማው በአንድ ወንበር ተቀመጡ፤ በመሣሪያ ሊረዳ ይችል የነበረውን ጆሮ ለይቶ የሚያወጣ አልነበረም።

በዚያው ዘመን በሌላው ዓለም ተመራማሪዎችን ያስጨነቀው ጥያቄ መናገር የማይችል ሰው እንዴት ይጠየቃል የሚለው ነበር። በእንግሊዝ አገር በማንችስተር ዩኒቨርሲቲ መስማት ለተሳናቸው ልጆች ትምህርት የተሰጡት አይሪን እና አሌክሳንደር ዩዊንግ የተባሉ ባልና ሚስት እ.ኤ.አ. በ1944 ባሳተሙት ጥናት የሕፃናትን መስማት በቀላል ቁሳቁስ መፈተሽ እንደሚቻል አሳዩ፤ ከዚህ ሥራ የመጣው ዘዴ ሕፃኑን በእናቱ ጭን ላይ አስቀምጦ፣ ከዓይኑ እይታ ውጭ ሲኒ በማንኪያ መንካት፣ ስስ ወረቀት ማንኮሻኮሽ፣ ቀስ ብሎ ማንሾካሾክና ጭንቅላቱን ማዞሩን መከታተል ነው። የአዲስ አበባዋ እናት ከምታደርገው የሚለየው በሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ድምፆቹ ቀጭንና ወፍራም ተብለው የተመረጡ ናቸው፣ ጉልበታቸውም የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 ዲክስ እና ሆልፓይክ የተባሉ እንግሊዛውያን ሐኪሞች ልጁ ድምፅ ሲሰማ ቁልፍ ተጭኖ በሣጥን ውስጥ የበራ ሥዕል የሚያይበትን የጨዋታ ምርመራ አመጡ፤ እ.ኤ.አ. በ1969 ደግሞ ስዊድናዊው ሊዴን ከካንኩነን ጋር ልጁ ወደ ድምፁ ሲዞር በሚያየው ነገር የሚሸለምበትን ዘዴ አሳተመ። የነዚህ ሁሉ ጥበብ መልሱን ከልጁ ዓይንና አንገት ማንበብ ነው።

ነገር ግን አንገቱን ማቅናት ያልቻለ ጨቅላ አንገቱን አዙሮ አይመልስም። በአሜሪካ በኮሎራዶ ግዛት ማሪዮን ዳውንስ የተባለችው ኦዲዮሎጂስት በጎ ፈቃደኞችን አሰማርታ ገና የተወለዱ ሕፃናት ለብርቱ ድምፅ ሲባንኑ የሚታዩበትን ምርመራ አካሄደች፤ እ.ኤ.አ. በ1969 ከባልደረባዋ ጋር ያወጣችው ዘገባ 17,000 ጨቅላዎችን ይመለከታል። ዓይኑ የሚያየውን የሚመዘግብ ታዛቢ ብዙ እንደሚሳሳት ስለታወቀ ዘዴው ለአገር አቀፍ ሥራ አልበቃም፤ ሕፃናት ሲወለዱ ሁሉም ይፈተሹ የሚለው ሐሳብ ግን ከዚያ ወዲህ አልጠፋም። መፍትሔው ከሁለት አቅጣጫ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በራስ ቅል ላይ በሚለጠፉ ኤሌክትሮዶች የመስማት ነርቭና የአንጎል ግንድ ለድምፅ የሚሰጡትን ደካማ የኤሌክትሪክ ምላሽ መቅዳት ተቻለ፤ ሕፃኑ ተኝቶ ሳለ ይለካል። እ.ኤ.አ. በ1978 ደግሞ እንግሊዛዊው ዴቪድ ኬምፕ ጤናማ ጆሮ ድምፅ ሲገባው መልሶ እጅግ ደካማ ድምፅ እንደሚያወጣ አረጋገጠ፤ ይህም የሚመነጨው ቀንድ አውጣ በሚመስለው የውስጥ ጆሮ ክፍል ካሉት ፀጉር መሰል ሴሎች እንቅስቃሴ ነው። በጆሮ ቦይ የምትገባ ትንሽ መሰኪያ ይህን ድምፅ በጥቂት ደቂቃ ታነባለች። ክሪስቲን ዮሺናጋ ኢታኖ ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተመችው ጥናት ጉድለታቸው ከስድስት ወር ዕድሜ በፊት የታወቀላቸው ልጆች ዘግይተው ከታወቁት የተሻለ ቋንቋ እንደሚያዳብሩ አሳየች፤ የምርመራ ጊዜ ጉዳይ ከዚያ በኋላ የምርጫ ጉዳይ መሆኑ ቀረ።

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ ማለትም በ1943 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሆኖ በተከፈተው አንጋፋ ተቋም፣ የመስማት ጉዳይ በአንድ ጣራ ሥር አልተሰበሰበም። የሕክምናው ወገን በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በአንገት በላይ ሕክምና፣ ማለትም በጆሮ፣ በአፍንጫና በጉሮሮ ክፍል ያዘው፤ የትምህርቱ ወገን በልዩ ፍላጎት ትምህርት ያዘው፤ የቋንቋው ወገን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2008 የኢትዮጵያ የምልክት ቋንቋን በመጀመሪያ ዲግሪ ደረጃ ማስተማር ጀመረ። ይህ የመጨረሻው እርምጃ ሊወደስ የሚገባው ነው፤ የምልክት ቋንቋን ከበጎ አድራጎት ወደ ዕውቀት አሸጋግሮታል። የከንፈርና የላንቃ ስንጥቅ ካለባቸው ልጆች ሕክምና ጋር ተያይዞም በየካቲት 12 ሆስፒታል የንግግር ሕክምና ሥር ሰደደ። በሦስቱ ወገኖች መካከል ያለው ክፍት ቦታ ግን የልኬቱ ቦታ ነው፤ ሐኪሙ ጆሮውን ያያል፣ መምህሩ ልጁን ያያል፣ የቋንቋ ሊቁ ምልክቱን ያጠናል፣ ልጁ ስንት ዴሲቤል እንደሚሰማ ግን የሁሉም ጥያቄ ሆኖ የማንም ሥራ ሳይሆን ኖረ።

ይህ ክፍተት በታተሙት ጥናቶችም ላይ ይነበባል። በጎንደር፣ በደሴ፣ በሐዋሳና በጅማ የሚገኙ ተመራማሪዎች ስለ ጆሮ የጻፏቸው ሥራዎች በብዛት ከጆሮ የሚወጣን መግል የሚመለከቱ ናቸው፤ በመግሉ ውስጥ የትኛው ባክቴሪያ እንዳለ፣ የትኛውን መድኃኒት እንደተላመደ ይተነትናሉ። ሥራው ጠቃሚ ነው፤ ሥር የሰደደ የመሀል ጆሮ ቁስለት በኢትዮጵያ ልጆች ላይ ከሚታዩት ዋና ዋና የመስማት ጠንቆች አንዱ ነውና። ነገር ግን የጥናቱን አቅጣጫ የወሰነው ቤተ ሙከራው ነው ማለት ይቻላል፤ የባክቴሪያ ማሳደጊያ ሳህን በየሆስፒታሉ ሲገኝ ድምፅ የማያስገባ ክፍል አይገኝም። በዚህ ምክንያት ስለ መግሉ የተጻፈው ብዙ ሲሆን፣ መግሉ ስለወሰደው መስማት የተጻፈው ጥቂት ነው።

የልኬት መሣሪያ በአዲስ አበባ የመደበኛ ሕክምና አካል ወደ መሆን የተጠጋው በልጆች በኩል ሳይሆን ባልተጠበቀ በር ነው። በ2001 ዓ.ም. በቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል መድኃኒት ለተላመደ ቲቢ ሕክምና ሲጀመር፣ እንደ ካናማይሲን ያሉ በመርፌ የሚሰጡ መድኃኒቶች የውስጥ ጆሮውን ፀጉር መሰል ሴሎች ስለሚገድሉ የታካሚው መስማት በየጊዜው መለካት ነበረበት። ጉዳቱ የሚጀምረው ከቀጫጭን ድምፆች ነው፤ ስለዚህም ታማሚው ራሱ ከማወቁ በፊት ኦዲዮግራሙ፣ ማለትም የመስማትን ደረጃ በየድምፁ ቅጥነት የሚያሳየው ግራፍ፣ ይናገራል። ኋላ የዓለም ጤና ድርጅት ሙሉ በሙሉ በሚዋጥ መድኃኒት የሚካሄድ ሕክምናን ስለመከረ መርፌው እየቀረ ሄዷል። ተመሳሳይ ባሕርይ ያለው ጀንታማይሲን ግን ዛሬም በደም መመረዝ የተጠቁ ጨቅላዎችን ሕይወት ያድናል፤ መድኃኒቱን ማቆም አይገባም፣ ከጨቅላ ሕፃናት ፅኑ ሕሙማን ክፍል የሚወጣን ልጅ ጆሮ ሳይፈትሹ ወደ ቤት መስደድ ግን ተገቢ አይደለም። ከባድ የወፍ በሽታ የያዘው ወይም ያለ ጊዜው የተወለደ ልጅም እንዲሁ ነው።

የጸጥታው ጉዳይ ከኪርቆስ ክፍለ ከተማ የተሻለ ምሳሌ አይገኝለትም። ከኦሎምፒያ ወደ ጎተራ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው መስቀል ፍላወር እና ከእርሱ ራቅ ብሎ ያለው ካዛንቺስ መኖሪያ ቤቶች ቀስ በቀስ ወደ ቢሮ፣ ወደ ሆቴልና ወደ ግል ክሊኒክ የተለወጡባቸው ሰፈሮች ናቸው። ለመኖሪያ የተሠራ ቪላ ለሐኪም ማማከሪያ ሊበቃ ይችላል፤ ለመስማት ልኬት ግን አይበቃም። የምርመራ ክፍል ውስጥ ያለው የጀርባ ድምፅ ከ40 ዴሲቤል ባይበልጥ ይመረጣል፣ ትክክለኛ ደረጃ ለመለካት ደግሞ ከዚያም በብዙ ማነስ አለበት፤ ተሽከርካሪ የበዛበት ጎዳና ዳር ግን በቀላሉ ከ70 ያልፋል። የታክሲ ረዳት ጥሪ፣ የጄኔሬተር ጉርምርምታ፣ የፎቅ ግንባታ መዶሻና ከእ.ኤ.አ. 2015 ጀምሮ በሪቼና በላንቻ በኩል የሚያልፈው ቀላል ባቡር ወፍራም ድምፅ ያላቸው በመሆናቸው በስስ ግድግዳ ያልፋሉ፤ ጤናማው ልጅም ወፍራሙን ድምፅ እንደማይሰማ ተደርጎ ሊመዘገብ ይችላል። ድምፅ የማያስገባ ክፍል መሥራት ስለዚህ የቅንጦት ነገር አይደለም፤ የመለኪያው ግማሽ አካል ነው።

ሌላው ጥሬ ዕቃ ቋንቋው ራሱ ነው። ቃል በቃል እየደገመ የሚፈተን ልጅ የሚያውቃቸው፣ በጉልበታቸው የተመጣጠኑ ቃላት ዝርዝር ያስፈልገዋል። የእንግሊዝኛው ዝርዝር በሁለት እኩል ጠንካራ ክፍለ ቃላት ላይ የቆመ በመሆኑ፣ የጥብቀትና የላላት ልዩነት ትርጉም ለሚለውጥበት፣ እንደ «ጠ»፣ «ጨ»፣ «ቀ» እና «ጸ» ያሉ ፈንጂ ድምፆች ለሞሉበት አማርኛ አይሆንም። «ወተት»፣ «ዳቦ»፣ «ላም» ብሎ መጀመር ይቻላል፤ ነገር ግን የአዲስ አበባ ልጅ ቤቱ የሚናገረው ኦሮምኛ ወይም ጉራጊኛ ሊሆን ስለሚችል አንድ ዝርዝር ለሁሉም አይበቃም። እዚህ ላይ የቋንቋ ሊቁና የጆሮ ሐኪሙ ሳይገናኙ የሚሠራ ሥራ የለም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው የመስማት ዘገባ በዓለም ላይ ተሐድሶ የሚያስፈልገው የመስማት ጉድለት ካለባቸው 430 ሚሊዮን ሰዎች 34 ሚሊዮኑ ልጆች እንደሆኑ፣ በልጆች ላይ ከሚደርሰውም 60 በመቶ ያህሉ ሊከላከሉት የሚቻል እንደነበረ ይገልጻል። በዚሁ ድርጅት አኃዝ መሠረት ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው አገሮች 93 በመቶዎቹ ለአንድ ሚሊዮን ሕዝብ አንድ ኦዲዮሎጂስት እንኳ የላቸውም፤ መስማት ለተሳናቸው የሚያስተምር አንድ መምህር ለሚሊዮን ሕዝብ ያላቸው ግን ግማሽ ያህሉ ናቸው። ትምህርት ቤቱ ምርመራውን የቀደመበት የመካኒሳ ታሪክ የድሃ አገሮች ሁሉ ታሪክ መሆኑን የሚያሳይ ከዚህ የበለጠ አኃዝ የለም።

በመከላከሉ በኩል ኢትዮጵያ የሠራችው ሥራ ከምርመራው ይልቅ ሩቅ ሄዷል። አገሪቱ በአፍሪካ የማጅራት ገትር ቀበቶ ውስጥ የምትገኝ ስትሆን፣ በሽታው ከሞት ያተረፈውን ልጅ ብዙ ጊዜ መስማት ይነፍገዋል፤ በ1999 ዓ.ም. የሂሞፊለስ ክትባትን የያዘው አምስት በአንድ፣ በ2004 ዓ.ም. የኒሞኮከስ ክትባት፣ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የማጅራት ገትር ኤ ክትባት ዘመቻ ተራ በተራ ገቡ። እነዚህ መርፌዎች ለመስማት ተብለው የተሰጡ ባይሆኑም ለኢትዮጵያ ልጆች ጆሮ ከማንኛውም መሣሪያ የበለጠ ሠርተዋል ማለት ማጋነን አይሆንም። የክትባቱ ቀጠሮ እናትና ሕፃንን ከተወለደ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ውስጥ ደጋግሞ ወደ ጤና ጣቢያ ያመጣል፤ በአንጻሩ ዓለም አቀፉ መመሪያ ልጁ በአንድ ወሩ እንዲፈተሽ፣ ጉድለቱ በሦስት ወሩ እንዲረጋገጥ፣ በስድስት ወሩ ድጋፍ እንዲጀመርለት ይላል። ሁለቱ ሰሌዳዎች ሊገጥሙ ይችላሉ። ስለዚህ የሕክምና፣ የልዩ ፍላጎትና የቋንቋ ትምህርት ክፍሎች የሕፃናት ኦዲዮሎጂን በጋራ የትምህርትና የምርምር ዘርፍነት ሊይዙት፣ ጤና ሚኒስቴርም የጆሮ ፍተሻን ከጨቅላ ሕፃናት ፅኑ ሕሙማን ክፍሎች ጀምሮ ከክትባቱ ቀጠሮ ጋር ሊያያይዘው ይገባል።