ኪሎግራም-ኃይል

ጎሚስታ ጋ «32 አድርግልኝ» የሚል ሾፌር የሚያነበው የጌጁን አንድ ረድፍ ቁጥር ብቻ ነው። ብዙ ጌጆች ላይ ግን ሌላም ረድፍ አለ፤ ጠቋሚው በአንዱ 32 ላይ ሲቆም በሌላው 2.25 ያሳያል። የመጀመሪያው በአንድ ካሬ ኢንች ላይ ያረፈውን ኃይል በፓውንድ ፎርስ፣ ሁለተኛው በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ ያረፈውን በኪሎግራም ፎርስ ይናገራል። በአማርኛ «ፓውንድ-ኃይል» እና «ኪሎግራም-ኃይል» ብንላቸው ሥራቸውን በትክክል ይገልጻሉ።

ኪሎግራም-ኃይል ማለት 1 ኪሎግራም መጠነ ቁስ ያለው ነገር በመደበኛው የምድር ስበት ወደ ታች የሚሳብበት ኃይል ነው። መደበኛው ስበት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1901 በዓለም አቀፍ ጉባኤ 9.80665 ሜትር በሰከንድ ካሬ ተብሎ ተወስኗል። ስለዚህ 1 ኪሎግራም-ኃይል 9.80665 ኒውተን ነው፤ 1 ፓውንድ-ኃይል ደግሞ 4.448 ኒውተን ገደማ። የ50 ኪሎ ሲሚንቶ ከረጢት በመደበኛው ስበት 50 ኪሎግራም-ኃይል፣ ወይም 490 ኒውተን፣ ወይም 110 ፓውንድ-ኃይል ያህል ይጫናል። አዲስ አበባ ከፍ ያለችና ለምድር ወገብ የቀረበች በመሆኗ ስበቷ 9.77 አካባቢ ነው፤ እዚያ ያው ከረጢት የሚጫነው 489 ኒውተን ገደማ ነው። ለግንበኛ ልዩነቱ ከቁጥር አይገባም፤ ሚዛን ለሚያስተካክል ባለሙያ ግን ይገባል።

ከአንዱ ወደ ሌላው ስንቀይር መጀመሪያ ወደ ኒውተን ማምጣት ይሻላል፤ ከዚያ ወደተፈለገው አሃድ ማካፈል ነው። ከስሌቱ ይልቅ የሚያሳስበኝ የአሃዱ ስም መዘለሉ ነው። የናሳዋ ማርስ ክላይሜት ኦርቢተር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1999 የጠፋችው በአሃድ መምታታት ነው፤ የምድር ላዩ ሶፍትዌር የሞተሮቹን ግፊት በፓውንድ-ኃይል ሰከንድ ሲያወጣ፣ ተቀባዩ ወገን በኒውተን ሰከንድ የተሰላ አድርጎ ወሰደው። ግፊቱ ከእውነተኛው 4.45 ጊዜ አንሶ ተቆጠረ። መንኮራኩሯ በ226 ኪሎ ሜትር ከፍታ ልታልፍ ታስቦ ወደ 57 ኪሎ ሜትር ወረደች።

ጋራዥ ውስጥም አደጋው አለ። የቆዩ የጃፓን መኪና መመሪያዎች የጎማ ዳዶ ማጥበቂያውን ለምሳሌ 10.5 «ኪሎግራም ሜትር» ብለው ይጽፋሉ፤ «ኃይል» የሚለው ቃል ተዘሏል። መካኒኩ በኒውተን ሜትር በተሠራ ቶርክ ሬንች ላይ ማስተካከል ያለበት 103 ነው። 10.5 ላይ ካደረገው ዳዶው የሚያገኘው ከሚገባው አንድ አሥረኛውን ያህል ብቻ ነው።