«ትንሣኤ» ስንል ምን ማለታችን ነው?

በስደት ዓለም የምናነባቸው መግለጫዎች አብዛኛዎቹ መዝጊያቸው አንድ ነው፤ «የኢትዮጵያ ትንሣኤ ቅርብ ነው!» ይላሉ። እኔም ብዙ ጊዜ ጽፌዋለሁ። ለመሆኑ ቃሉ ከወዴት መጣ?

ሥሩ «ነሥአ» የሚለው የግእዝ ግስ ነው፤ ወሰደ፣ ያዘ፣ አነሣ ማለት ነው። የዕብራይስጡ «ናሣ» እና የዓረብኛው «ነሽአ» ዘመዶቹ ናቸው። በንጉሡ «ሠ» መጻፉም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ፊደሉ የቃሉን ዘር ይጠብቃል። «ተ» ሲጨመርበት «ተንሥአ» ይሆናል፤ ራሱን አነሣ፣ ብድግ አለ። ስሙም «ትንሣኤ» ነው። የበዓሉ ሌላ መጠሪያ «ፋሲካ» ግን ከዕብራውያን ፔሳሕ የመጣ እንግዳ ቃል ነው። ሙስሊም ወገኖቻችን «ቂያማ» የሚሉትም ከዓረብኛው «ቃመ» የተገኘ ሲሆን የእኛው «ቆመ» ወንድም ነው።

አማርኛችን ደግሞ ከዚሁ ሥር ተቃራኒ ልጆች ወልዷል። «መንሣት» መከልከል ነው፤ «መነሣት» ግን ብድግ ማለት። ልዩነታቸው የአንዲት ፊደል ነው። ለልማት ተብሎ ቤቱ የፈረሰበት የአዲስ አበባ ነዋሪም «ተነሺ» ይባላል። ያልተነሣውን፣ ያስነሡትን ሰው!

ታሪካችንም ይህንኑ ያስተምራል። የፋሺስት ጦር ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ብዙዎች ኢትዮጵያ አለቀላት ብለው ነበር። ልክ በአምስት ዓመቱ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ወደ ዋና ከተማቸው ተመለሱ። የእንግሊዝ ጦር እገዛ አይካድም፤ ነገር ግን አርበኞች አምስቱን ዓመት በየዱሩ ባይዋደቁ ኖሮ እገዛው የሚያግዘው ሰው ከየት ያገኝ ነበር?

እኛ ስደተኞች «ትንሣኤ»ን እንደ ትንቢት አድርገን፣ ቀኑን እየቆጠርን መጠበቅ ለምደናል። ግሱ ግን መጠበቅን አያውቅም። ዲያቆኑ በቅዳሴ መካከል «ተንሥኡ» ሲል ትእዛዙ በብዙ ቁጥር ነው፤ ለአንድ መሪ ወይም ለአንድ ድርጅት ሳይሆን ለተቀመጠው ሁሉ ነው። እንግዲህ «ትንሣኤዋ ቅርብ ነው» ብለን ከመፈረማችን በፊት፣ እኛስ ከተቀመጥንበት ተነሥተናል ወይ?

ቸር ይግጠመን።