ያልተጠመቀው የወይን ጠጅ

ቼክ ላይ «የካቲት 31» ተብሎ የተጻፈ ቀን ሲያጋጥመኝ ዓይኔ አያልፈውም፤ እንጀራዬ ነውና። ይህ የሥራ ጠባይ ልብ ወለድ ሳነብም አይለቀኝም።

ኢያን ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1955 ባሳተመው «ሙንሬከር» ውስጥ ጄምስ ቦንድ ለንደን በሚገኝ የባለጸጎች ክበብ ራት ሲበላ፣ አሳላፊው የ1946 ዶም ፔሪኞን ሻምፓኝ ይመርጥለታል። በለንደን እንደ ልብ የማይገኝ መሆኑንም ያስረዳዋል። እንዴት ይገኛል? ጭራሹን አልተሠራም! ዶም ፔሪኞን ፍሬው ባማረበት ዓመት ብቻ የሚወጣ ሻምፓኝ ነው፤ በጠርሙሱ ላይ የሚጻፈውም ወይኑ የተለቀመበት ዓመት ነው። የ1943 አለ፤ የ1947 አለ፤ የ1946 ግን የለም። ሌላ ደራሲ ቢሆን በታለፈ፤ ፍሌሚንግ ግን አንባቢውን የሚያሳምነው በዕቃ ስምና በዓመት ቁጥር ነው።

የኤድጋር አለን ፖ ነገር ግን እንዲህ በቀላሉ አይዘጋም። እ.ኤ.አ. በ1846 በወጣው «የአሞንቲላዶ በርሜል» ፎርቱናቶ በወይን ጠጅ ዐዋቂነቱ የሚመካ ሰው ነው፤ ሉኬሲ የተባለውን ሌላ ቀማሽ አሞንቲላዶን ከሼሪ መለየት አይችልም እያለ ያጣጥለዋል። አሞንቲላዶ ግን ራሱ ሼሪ ነው። በደቡብ ስፔን የሚሠራ፣ መጀመሪያ በርሜል ውስጥ ከላዩ በሚጋርደው ስስ የእርሾ ሽፋን ሥር፣ በኋላም ሽፋኑ ሲጠፋ አየር እያገኘው የሚጠቁር የሼሪ ዓይነት፤ ስሙም ከሞንቲያ ከተማ የመጣ ነው። ታዲያ ስሕተቱ የማን ነው? የፖ ነው የሚሉ አሉ። እኔ የፎርቱናቶ ነው ባይ ነኝ። እርግጥ ተራኪው ሞንትሬሶር በአሮጌ ወይን ጠጅ ጉዳይ የሰውዬውን ዕውቀት እውነተኛ ነው ብሎ ይመሰክርለታል፤ ነገር ግን ወዳጁን በቁሙ በግንብ የሚዘጋ ሰው ምስክርነቱ ምን ያህል ይታመናል? ሟቹ ወደ ጉድጓዱ የወረደው ለይቶ በማያውቀው ነገር ላይ ሊፈርድ ከሆነ፣ ታሪኩ ለእኔ ይበልጥ ይመርራል።

እኔም ንጹሕ አይደለሁም። ከዓመታት በፊት በጻፍኩት ግጥም የመስከረም ፀሐይ በአደይ አበባና በጤፍ ክምር ላይ አብራ ስትወጣ አሳይቼ ነበር። ስንኙ ስላማረኝ ለበዓል አገር ቤት ስወርድ ለአባቴ አነበብኩላቸው። ገበሬ ናቸው። እስከ መጨረሻው በጸጥታ ሰሙና «ልጄ፣ እሸት እንኳ ሳይሆን ማን አጨደው?» አሉኝ። በሐምሌ የተዘራ ጤፍ በመስከረም ገና ለምለም ነው፤ ማጭድ የሚገባበት በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። ያንን ጤፍ ሸጠው ያስተማሩኝ ሰው ፊት አንገቴን ደፋሁ። ማታ «መስከረም»ን ሰርዤ «ኅዳር» ብል፣ አደዩ ረግፏል። አደዩን ባስቀር፣ ክምሩ ጠፋ። ግጥሙ እስከ ዛሬ ሁለት ወር ተሸክሞ መሳቢያዬ ውስጥ ተቀምጧል።