የኮምፒውተር እንግሊዝኛ በወልድያ፣ በመርሳና በሀብሩ

በሰሜን ወሎ የኮምፒውተር ቃላት ታሪክ ከኮምፒውተሩ ይቀድማል፤ መነሻው የጽሕፈት መኪናው ነው። «መኪና» የሚለው ቃል ራሱ ጣሊያንኛ ነው። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን በደሴ፣ በመርሳና በወልድያ አድርጎ ወደ ሰሜን የሚዘልቀውን መንገድ ሲሠሩ ጎማ፣ ፍሬንና ማርሽም ወደ አገሬው አፍ ገቡ። የቢሮው ሥራ ግን ቃሉን ከእንግሊዝኛ ወሰደ፤ «ታይፕ» የሚለውን። ይህ ቃል እንግድነቱን ፈጽሞ ትቷል። ተየበ፣ ይተይባል፣ ትየባ፣ አስተየበ እየተባለ እንደ ማንኛውም የአማርኛ ግሥ ይረባል። ከእሱ በኋላ ከመጡት የኮምፒውተር ቃላት እስከዚህ ድረስ የተዋሐደ ማግኘት ይቸግራል።

ኮምፒውተር ግዕዝ ፊደል እንዲጽፍ ያደረጉት ሙከራዎች የተጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሲሆን፣ በአሜሪካ ሆነው የሠሩት ዶክተር አበራ ሞላ ከቀዳሚዎቹ አንዱ ናቸው። ወደ መሥሪያ ቤቶችና ወደ ጽሕፈት አገልግሎት ቤቶች በስፋት የዘለቁት ግን እንደ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ያሉት ፕሮግራሞች ነበሩ። አንዱ የሌላውን ስለማያነብ፣ በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የተዘበራረቀ ምልክት ይሆን ነበር። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዓለም አቀፉ የፊደላት መለያ ሥርዓት በዩኒኮድ ሲመዘገብ የችግሩ መፍትሔ ተገኘ፤ አሮጌዎቹ ፕሮግራሞች ግን ከዚያ በኋላም ለዓመታት አገልግለዋል።

ፊደሉ አማርኛ ቢሆንም መሣሪያው በእንግሊዝኛ መናገሩን አላቆመም። በብዙዎቹ ፕሮግራሞች «ሰ»ን ለመጻፍ የላቲኖቹ ኤስና ኢ ይነካሉ፤ ትእዛዞቹም ሴቭ፣ ኮፒ፣ ፔስት፣ ፕሪንት ናቸው። እንግሊዝኛ አንብቦ የማይረዳ ጸሐፊ እንኳ እነዚህን ቃላት በእጁ ያውቃቸዋል። ቃላቱ ወደ ንግግር ሲገቡ የአማርኛን ሰዋስው ለብሰው ነው። ግሡ በ«አደረገ» ይታገዛል፤ ሴቭ አደረገች፣ ፎርማት አስደረገ ይባላል። ስሙ ደግሞ ፋይሉ፣ ፋይሎች፣ ፋይሎቻችን እየተባለ ይዘልቃል። «ፍላሽ» መረጃ መያዣው፣ «ሶፍት ኮፒ» ገና ያልታተመው ጽሑፍ ነው። ባለጉዳይ በባንክ ወይም በመንግሥት ቢሮ ደጅ ከሚሰማቸው ቃላት ሁሉ ደግሞ «ሲስተም የለም» የሚለውን ያህል የሚያስመርረው የለም። ሲስተሙ ምን እንደሆነ የሚያስረዳው ባይኖርም፣ ጉዳዩ ለሌላ ቀን መቀጠሩን ወዲያው ይረዳል።

ትምህርት ቤቱ ቃላቱን በሌላ በር አስገባቸው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ ወሰነ። በ1990ዎቹ መጨረሻ የፕላዝማ ትምህርት በሳተላይት ሲጀመር መምህሩ በቴሌቪዥን እንግሊዝኛ ይናገር ጀመር፤ ቀጥሎም የኢንፎርሜሽን ኮሙኒኬሽን ቴክኖሎጂ መማሪያ መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ወጣ። ቃሉን ያለ ዕቃው የመማር ጉዳት የሚጎላው መብራትና ኮምፒውተር በማይበቃበት የገጠር ትምህርት ቤት ነው። እዚያ ተማሪው የሃርድዌርንና የሶፍትዌርን ትርጉም ለፈተና ይሸመድዳል፤ ዕቃውን የሚነካው ከዚያ በኋላ ነው፤ የማይነካውም አለ። በ2004 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የወልድያ ዩኒቨርሲቲ፣ መርሳ ላይም የግብርና ካምፓስ ያለው፣ በቃሉና በዕቃው መካከል ያለውን ርቀት ለማጥበብ ትልቅ ዕድል ነበር፤ ኮምፒውተርን የሚያጠኑ ወጣቶች በዞኑ ውስጥ መማር ቻሉ። የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ግን ይህን ዕድል ጎድቶታል። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልድያ ተይዛ በቆየችባቸው ወራት መብራትና ስልክ ተቋርጠው ነበር፤ ዩኒቨርሲቲውም ለዘረፋና ለውድመት ተዳረገ።

አማርኛ የራሱን ቃል አላጣም። የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ ለዓመታት ደክሞ በ1980ዎቹ መጨረሻ የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት አሳትሟል። ከየአቅጣጫው ከተፈጠሩት ቃላት ድረ ገጽ፣ በይነ መረብና የይለፍ ቃል በዜናና በጽሑፍ ጸንተዋል። በንግግር ግን ኢንተርኔትና ፓስወርድ ይበልጧቸዋል። ቀድሞ የደረሰው የዕቃው ስም ስለሆነ ነው፤ መዝገበ ቃላቱ እንደ ስልኩ በየገበያው አልተዳረሰም። ያለ ማንም ዐዋጅ የተሳካላቸው «መጫን» እና «ማውረድ» ናቸው። ሁለቱም በአህያና በመኪና ጭነት ለዘመናት ያገለገሉ፣ ገበሬውም ነጋዴውም የሚያውቃቸው ስለሆኑ፣ ዘፈን ስልክ ላይ ለማስጫን የመጣ የሀብሩ ወረዳ ወጣት ትርጓሜ አያስፈልገውም።

ስልኩ ከኮምፒውተሩ ይልቅ ርቆ ሄዷል። ሲም ካርድ፣ ኔትወርክ፣ ቻርጅና ፓኬጅ በመርሳ ገበያ የሚነገሩት ትምህርት ቤት ባልገቡ ሰዎችም አንደበት ነው። ኢትዮ ቴሌኮም በግንቦት 2013 ዓ.ም. የጀመረው የገንዘብ አገልግሎት «ቴሌብር» መባሉ፣ የውጭውን ቃልና የአገሩን ገንዘብ በአንድ ስም አስሯል። አዳዲሶቹ ስሞች አሁንም ሁለት መንገድ ይከተላሉ። ጋዜጠኞች «ሰው ሠራሽ አስተውሎት» ሲሉ፣ በዚሁ ዘርፍ የተቋቋመው የመንግሥት ተቋም የኢትዮጵያ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ኢንስቲትዩት ይባላል።