ጉልቻው ቢቀያየር

«ጉልቻ ቢቀያየር ወጥ አያጣፍጥም» ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱ የተተረተው ለሹማምንት ነው፤ አንዱ ወርዶ ሌላው ቢወጣ የድሀው ኑሮ ያው ነው ለማለት። በፖለቲካው ረገድ ተረቱን የሚያስተባብል ብዙ ማስረጃ ስላላገኘሁ እሱን ለባለቤቶቹ እተወዋለሁ። ስለ ጉልቻው ስለ ራሱ ግን ተረቱ አይሠራም። በሦስት ድንጋይ ላይ ምጣድ የሚጥድ ቤትና ዙሪያውን በተዘጋ ምድጃ ላይ የሚጋግር ቤት የሚፈጁት እንጨት አንድ አይደለም፤ እስከ ግማሽ ሊለያይ ይችላል። ይህ በአንድ ቤት ሲታይ የአንድ ሸክም ማገዶ ጉዳይ ነው። በጎንደር ከተማና ከዚያ ወዲያ በተዘረጋው በወገራ፣ በዳባትና በደባርቅ ደጋ ሲታይ ግን የመሬቱም፣ የሴቶቹም ታሪክ እዚያ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። ይህን ታሪክ ባሰብኩት ቁጥር አንድ ጥያቄ ይመጣብኛል። ዛፍን በጉባኤ ሲጠብቅ የኖረ ሕዝብ ስለ ምድጃው የሚመክርበት ጉባኤ ለምን አጣ?

ከጎንደር መቆርቆር እንጀምር። አፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን መናገሻ ከማድረጋቸው በፊት በነበሩት ዘመናት የነገሥታቱ ከተማ አብዛኛውን ጊዜ ድንኳን ነበር። ንጉሡ ሲነሣ ከተማውም ተጠቅልሎ ይነሣል። ለዚህ ጦርነቱም፣ የግብሩ አሰባሰብም ምክንያት ነበር፤ የታሪክ ጸሐፊዎች ግን አንድ ነገር መጥቀስ አይዘነጉም፤ ይኸውም ማገዶ ነው። በብዙ ሺሕ የሚቆጠር ሠራዊት፣ አጋፋሪና ወጥ ቤት አንድ ሥፍራ ላይ ወራት ሲቀመጥ በዙሪያው ያለው እንጨት ያልቃል። ያን ጊዜ ከተማው እንጨቱን ፍለጋ ይሄዳል። ጎንደር ይህን ልማድ ሰበረች። ድንኳኑ ግንብ ሆነ። በነገራችን ላይ ጎብኚ ሁሉ በፋሲል ግንብ ድንጋይ ይደነቃል እንጂ ድንጋዩን ከድንጋይ ያያያዘው ኖራ በእሳት የተቃጠለ መሆኑን፣ ለዚያ እሳት የነደደውም እንጨት ቀላል እንዳልነበር የሚያስብ የለም። ከዚያ ወዲህ ከተማው ወደ እንጨቱ መሄዱን ትቶ እንጨቱ ወደ ከተማው መምጣት ጀመረ፤ በአህያና በሴት ጀርባ።

ይኸው ጣጣ ከሁለት መቶ ስድሳ ዓመት ገደማ በኋላ አዲስ አበባንም ሊያስፈታት ተቃርቦ ነበር። አፄ ምኒልክ በ1890ዎቹ መጀመሪያ ማገዶው ሲርቅባቸው ወደ ምዕራብ ወጣ ብለው አዲስ ዓለም ላይ አዲስ መናገሻ ማሠራት ጀምረው ነበር፤ የቤተ መንግሥቱ ቦታ ኋላ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። አዲስ አበባን ያተረፋት ቶሎ የሚደርሰው ባሕር ዛፍ ነው። ዘሩን ያመጣው ሞንዶን ቪዳዬ የሚባል ፈረንሳዊ ነው ይባላል። ጎንደርም እንደ ሌላው አገር ሁሉ ባሕር ዛፉን ተቀብላለች። የሰሜኑ ሰው ግን ከባሕር ዛፍ በፊት የራሱ የቆየ መላ ነበረው።

ከጎንደር ተነሥቶ በአምባ ጊዮርጊስ በኩል ወደ ደባርቅ የሚወጣ መንገደኛ በመኪና መስኮት የሚያየውን እኔም ደጋግሜ አይቻለሁ። የታረሰ ሜዳ፣ የታረሰ ተረተር፣ እስከ ሥሩ የተጋጠ ግጦሽ፤ ከዚያ ድንገት በመካከሉ አንድ ክብ ጥቅጥቅ ያለ አረንጓዴ ብቅ ይላል። ሌላ ምልክት አያስፈልግም፤ ቤተ ክርስቲያን ነው። ጥዱና ወይራው እዚያ አለ። ምእመናኑ ዛፉን የቤተ ክርስቲያን ልብስ ይሉታል፤ ዛፍ የሌለው ደብር የታረዘ ደብር ነው። በከተማዪቱም ቢሆን «አርባ አራቱ ታቦት» ሲባል አብሮ መታሰብ የሚገባው አርባ አራት አጸድ ነው። ጥር 1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ጎንደርን ሲያቃጥሉ ከጥፋቱ የተረፈው ደብረ ብርሃን ሥላሴ ዛሬም በጥድ መካከል ቆሟል። ያዳኑት ንቦች ናቸው ይላል አፈ ታሪኩ። ንብ የምትወደው ዛፍ ያለበትን ግቢ መሆኑን አንባቢ ልብ ይሏል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳላነሣ አላልፍም። «ከመቶ ዓመት በፊት ካገራችን መሬት 40 በመቶው ደን ነበር፤ ዛሬ 3 በመቶ ቀረ» የሚለው አባባል በየስብሰባው እንደ ጸሎት ሲደገም ኖሯል። ጄምስ ማካን የተባለው አሜሪካዊ የታሪክ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተመው ጥናት አባባሉ ጠንካራ ማስረጃ እንደሌለው ተከራክሯል፤ እኔም ክርክሩን እቀበለዋለሁ። የሰሜኑ ደጋ ከጥንት ጀምሮ በሬ የረገጠው የእርሻ አገር ነው። ስለዚህ የቤተ ክርስቲያኑን ዛፍ ካለቀ ታላቅ ደን የተረፈ ፍርፋሪ አድርጎ ብቻ ማየት ባለቤቶቹን መበደል ነው። ሰው የጠበቀው፣ አንዳንዱንም ሰው የተከለው ነው። የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር አድባራት ለዓመታት ባካሄደው ጥናት ያሳየንም ይህንኑ ነው። የአገር በቀል ዛፎች ዘር ተጠልሎ የሚገኘው በእነዚህ ትንንሽ አጸዶች ነው፤ የሚያሰጋቸውም አንዱ ነገር ቡቃያውን የሚግጠውና የሚረግጠው ከብት ነው። ለዚህ የተገኘው መፍትሔ ከአድባራቱ ሕዝብ ጋር እየመከሩ ከማሳ የተለቀመ ድንጋይ በዙሪያው መካብ ሆነ። ድንጋዩ ከማሳ ሲነሣ ገበሬው ተጠቀመ፤ ካቡ ሲቆም ዛፉ ተጠቀመ። ከዚህ የቀለለ ዘዴ አላውቅም።

ዛፉን የጠበቀው ግን ካብ ከመምጣቱ በፊትም ጉባኤ ነው። እሑድ ቅዳሴ ሲያበቃ ሰንበቴው ይቀርባል፤ ዳቦው ይቆረሳል፤ ጠላው ይዞራል። በዚያ መካከል ድንበር የገፋው ሰው፣ አጸድ የገባው ከብት፣ በነፋስ የወደቀው ዛፍ ነገር ይነሣል። ሽማግሌ ይናገራል፤ ካህኑ ካስፈለገ ይገዝታል። የደን ጠባቂን የማይፈራ ሰው ግዝትን ይፈራል።

ይህ ዓይነቱ ሥርዓት በደብር ግቢ ብቻ የተወሰነ አልነበረም። በሰሜን ተራሮች የሚበቅለው ጓሳ የሚባለው ሣር በሰሜን ሸዋም ይበቅላል፤ ከሁሉ የበለጠ የተጠናውም የመንዝ ጓሳ ነው። ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ የመንዝ ሰው ጓሳውን የሚያስተዳድርበት «ቄሮ» የሚባል ሥርዓት ነበረው። (በቅርብ ዓመታት ሌላ ትርጉም ይዞ ከሰማነው ቃል ጋር አንባቢ እንዳያደናግረው አደራ።) አጸመ ርስት ያላቸው ባላገሮች የአስቦና የጌራ ተብለው ተከፍለው አለቃቸውን ይመርጣሉ። ሜዳው ሦስት፣ አንዳንዴም አምስት ዓመት ድረስ ይዘጋል፤ ሣሩ ሲደርስ ቀን ተቆርጦ ይከፈታል። ያን ጊዜ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለመኝታና ለመጥረጊያ የሚሆነውን ሁሉም እንደ ድርሻው ያጭዳል። አስቀድሞ የገባ ይቀጣል። ይህ ሥርዓት መሬትን የመንግሥት ያደረገው የ1967ቱ አዋጅ እስኪመጣ ድረስ ኖሯል። አዋጁ ጭሰኛን ነፃ አውጥቷል፤ በዚህ አልከራከርም። ከርስቱ ጋር ጉባኤውንም ይዞት ሄደ። የመንዝ ሰዎች በኋላ ሌላ ሸንጎ አቋቁመው ጓሳቸውን ማትረፋቸው የሚያስመሰግናቸው ነው።

እንግዲህ ሰንበቴውም ቄሮውም አንድ የጎደላቸው ነገር አለ። የሚመክሩት ስለ ሜዳውና ስለ ዛፉ ነው፤ ዛፉ ተቆርጦ ቤት ከገባ በኋላ ስለሚሆነው ማንም አይመክርም። ምክንያቱም ግልጽ ይመስለኛል። በእነዚያ ጉባኤዎች ቃሉ የሚሰማው ወንዱ ነበር፤ ማገዶ የምትለቅመው፣ የምትሸከመውና የምታነደው ደግሞ ሴቲቱ ነች። ቤት ውስጥ ከሚነደው ማገዶ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው እንጀራ መጋገር ሆኖ ሳለ ስለ ምጣድ የተጣለ ግዝት ሰምቼ አላውቅም።

እንጨት ባነሰበት ደጋ እሳቱን የሚያቆየው ኩበት ነው። ዳባት ላይ በአንድ ቤት ተቀምጬ፣ በዕድሜ የገፉ እናት ኩበት እየጨመሩ ቡና ሲያፈሉልኝ፣ «ልጄ፣ የመሬቱን ጉርሻ እኮ ነው የምናነደው» አሉኝ። የግብርና ባለሙያ በብዙ ገጽ የሚጽፈውን በአንድ ዐረፍተ ነገር ጨረሱት። ማሳ ላይ ቢበተን ገብሱን የሚያሳምረው ፋንድያ አመድ ሆኖ ይደፋል፤ ገብሱ ሲሳሳ ከብቱ ይቀንሳል፤ ከብቱ ሲቀንስ ኩበቱም ያጥራል።

«ታዲያ በማርያም ማኅበራችሁ ይህን ተነጋግራችሁ ታውቃላችሁ ወይ እማማ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ሳቁብኝ። በማኅበሩ የታመመ ይጠየቃል፤ የተቸገረ ይረዳል፤ የተጣላ ይታረቃል። ስለ ማገዶ የሚነሣው ለዝክሩ የሚበቃ ከየት ይምጣ ተብሎ ነው እንጂ እንዴት ይቆጠብ ተብሎ አይደለም። ዝክሩስ ቀላል ነው? ለጠላ ብቻ ቂጣው ይጋገራል፤ አሻሮው ይቆላል፤ ጋኑም በወይራ ይታጠናል። ማኅበር የሚወደውን ያህል እንጨትም ይበላል።

የምድጃው ምክር የጠፋበት ሌላም ምክንያት አለ፤ ይኸኛው ይከብዳል። ለጎንደርና ለአካባቢው ምጣዱን፣ ድስቱንና ጀበናውን ለብዙ ዘመን ሲሠሩ ከኖሩት መካከል የቤተ እስራኤል ሴቶች ዋነኞቹ ነበሩ። ከከተማው በስተሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ የምትገኘው ወለቃ በዚህ የታወቀች ናት። የትኛው ጭቃ እሳት እንደሚችል፣ የትኛው እንደሚሰነጠቅ፣ ሙቀት በምን እንደሚያዝ ከእነሱ የበለጠ የሚያውቅ በአገሩ አልነበረም። እነሱ ግን ርስት የተነፈጉ፣ ከዚያም አልፎ ቡዳ የተባሉ ሰዎች ነበሩ። ምጣዳቸው እያንዳንዱ ቤት ገባ፤ እነሱ ጉባኤ ላይ አልተቀመጡም። ስለ እሳት የሚያውቀው ሰው ከሸንጎው ውጭ፣ ስለ እሳት የምትቸገረውም ሴት ከሸንጎው ውጭ ከሆኑ የሦስቱ ድንጋይ ጉልቻ ሳይነካ መኖሩ ምን ያስደንቃል? የወለቃ ቤተ እስራኤሎች በ1977 እና በግንቦት 1983 ዓ.ም. ከተካሄዱት ታላላቅ ጉዞዎች ጋር ወደ እስራኤል ሄዱ። ዕውቀቱም አብዛኛው አብሯቸው ሄደ።

የሚገርመው፣ ምድጃውን የማሻሻሉ ሥራ የበረታውም በዚያው በ1980ዎቹ ነው፤ ቦታው ግን አዲስ አበባ ነበር። ከሸክላና ከቆርቆሮ የሚሠራው የከሰል ምድጃ «ላቀች» ተባለ፤ ከቀድሞው የቆርቆሮ ምድጃ ሩብ ያህል ከሰል ይቆጥባል። ለእንጀራ የሚሆነው ደግሞ ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በቁርጥራጭ ተሠርቶ የሚገጣጠመው «ምርጥ» ምድጃ ነው። መግቢያ ላይ እስከ ግማሽ ይቆጥባል ያልኩት እሱን ነው። ሲሚንቶ ለማይደርስበት ገጠር የሚሆን የጭቃ ምድጃም ተሠርቷል። ጭሱም ቢሆን የዋዛ አይደለም፤ የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት በዓመት 3 ሚሊዮን ገደማ ሰው እንደሚሞት ይናገራል።

ታዲያ ምድጃው ለምን እንደ ባሕር ዛፉ አልተዛመተም? የባለሙያዎቹ መልስ ዋጋውና ሥልጠናው ነው። እኔ ሌላም ይታየኛል። ምድጃው ለአንዲት ሴት ለብቻዋ ተሰጠ ወይም ተሸጠ። ምጣዷ ካልገጠመው፣ ወይም የሣር ጣሪያዋን ከነቀዝ የሚጠብቀው ጭስ ከቀረባት የምትጠይቀው ጎረቤት የላትም፤ ጎረቤቷ በጉልቻ ነው የምትጋግረው። በኋላ ዘመን «አንድ ለአምስት» ተብሎ ሴቶች እንዲደራጁ ተደርጎ ነበር። ያም ከላይ የወረደና የፖለቲካ ሽታ ያለው ስለነበረ ሰው ለስሙ ተሰበሰበ እንጂ ልቡን አላመጣም። ሰንበቴ ላይ የወደቀ ዛፍ ለማን ይሁን ብሎ የሚከራከር ሕዝብ መሰብሰብ አይችልም ማለት አይቻልም። የማርያም ማኅበር እንደ እቁብ በየወሩ ለአንዷ አባል ምድጃ ቢያስገባ በዓመት አሥራ ሁለት ቤት ነው፤ አሥራ ሁለቱም እርስ በርስ ይጠያየቃሉ።

ዛሬ ወለቃ መንገድ ዳር ለቱሪስት የሚሸጡ ትንንሽ የሸክላ ምስሎች ተደርድረው ይታያሉ። ምጣዱ ያለው ቅዳሜ ገበያ ነው። ገዢዋ ምጣዱን ታነሣና ስንጥቅ እንደሌለው ለማወቅ በጣቷ መታ መታ አድርጋ ድምፁን ታዳምጣለች፤ ዋጋ ትከራከራለች፤ አዝላው ትሄዳለች። የሚጣድበትን ምድጃ የሚሸጥላት ሰው እዚያ ምጣድ ተራ ውስጥ አላየሁም።