ዳግም መክፈት ወይስ ማዞር? ስለ አንድ የኮምፒውተር ስያሜ ታሪክ

«ሲ» በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ውስጥ «ኤፍ ሪኦፕን» የሚባል አንድ ትእዛዝ አለ። ስሙ ቃል በቃል ሲመለስ «ፋይልን ዳግም መክፈት» ይሆናል፤ እኛም በመጀመሪያው ረቂቃችን እንዲሁ ብለን መዝግበነው ነበር። ዳሩ ግን የትእዛዙን ታሪክና አሠራር በመረመርን ጊዜ ፍቺው ተርጓሚውንም ፕሮግራም ጸሐፊውንም የሚያሳስት ሆኖ ስላገኘነው ሰርዘነዋል። ምክንያታችንን እንደሚከተለው እናቀርባለን።

የስያሜዎቹ ሁሉ መነሻ ውሃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪዎች ይሠራ የነበረው ዳግላስ ማኪልሮይ፣ ፕሮግራሞች እንደ አትክልት ማጠጫ ጎማ አንዱ ከሌላው ጫፍ ጋር የሚገጣጠሙበት ዘዴ እንዲበጅ በአጭር ማስታወሻ ሐሳብ አቀረበ። ይኸው ሐሳብ በ1973 በኬን ቶምሰን እጅ በዩኒክስ ሥርዓት ላይ «ቧንቧ» ሆኖ ተሠራ። ከዚያ ቀደም ብሎ ማልቲክስ በተባለው ሥርዓት መረጃ የሚገባባቸውና የሚወጣባቸው መንገዶች «ስትሪም» ተብለው የየራሳቸው ስም ነበራቸው፤ ፕሮግራሙ በሥራ ላይ እያለ ስሙ ሳይለወጥ መንገዱ ወደ ሌላ መሣሪያ ወይም ፋይል ሊዞር ይችል ነበር። የዩኒክስ ማዞሪያ ምልክቶች ሐሳብ ከዚህ የተወሰደ መሆኑን ዴኒስ ሪቺ ራሱ በ1979 ጽፏል። ማልቲክስ በሦስት መስመር ትእዛዝ የሚፈጽመውን ዩኒክስ በአንዲት ቀስት መሰል ምልክት ጨረሰው።

ነገር ግን ውሃን ማዞር የራሱ ጣጣ አለው። በመጀመሪያ የፕሮግራሙ ውጤትና የስሕተቱ መልእክት በአንድ መንገድ ይወጡ ስለነበር፣ ውጤቱን ወደ ሌላ ስፍራ ያዞረ ሰው ስሕተቱንም አብሮ ያዞር ነበር። በላቦራቶሪው ባልደረባ በስቲቭ ጆንሰን ትረካ መሠረት፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ በርካታ ሰዎች ጽሑፋቸውን በፎቶ ፊደል መልቀሚያ አስለቅመው፣ ረጅሙን ወረቀት ደስ በማይል ሽታ በተሞላ ማጠቢያ ውስጥ አሳልፈው ደቂቃዎች ከጠበቁ በኋላ ያገኙት በማለፊያ ፊደል የታተመ አንድ መስመር ብቻ ነበር፤ ቃሉም ፋይሉ ሊከፈት አለመቻሉን ይናገራል። ከማጉረምረማቸው የተነሣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ለስሕተት ብቻ የሚሆን ሦስተኛ መንገድ ተፈጠረ። (ከመዝገበ ቃላት አዘጋጅ በቀር ለእንዲህ ዓይነቱ ማጉረምረም ምስጋና የሚያቀርብ ብዙ ሰው አይገኝም።)

«ኤፍ ሪኦፕን» በ1979 በወጣው በሰባተኛው የዩኒክስ እትም ውስጥ ይገኛል። ሥራው ሦስት ነው፤ ከስሙ ጋር ተያይዞ የነበረውን ፋይል ይዘጋል፤ ሌላ ፋይል ይከፍታል፤ ይህንኑ በነባሩ ስም ያያይዛል። በ1989 የጸደቀው የአሜሪካ ደረጃ ለሦስቱ መደበኛ መንገዶች ስሞች በቀጥታ አዲስ ዋጋ መስጠት እንደሚቻል ዋስትና ስለማይሰጥ፣ ትእዛዙ በዋናነት የሚያስፈልገው እነዚህን ስሞች ሳይነኩ ከሥራቸው ያለውን ፋይል ለመለወጥ ነው። እንግዲህ የቀድሞው ፋይል ዳግም አይከፈትም፤ ይዘጋል። አዲሱ ፋይል ሳይከፈት ቢቀርም የቀድሞው አስቀድሞ ስለ ተዘጋ ፕሮግራሙ ድምፅ አልባ ይሆናል፤ ወደ ቀድሞው የሚመልስ መንገድም ደረጃው አላበጀም። «ዳግም መክፈት» የሚለውን አምኖ የጻፈ ሰው ሥራውን የሚያጣው እዚህ ላይ ነው። በስሙ የሚገባውን ሥራ ትእዛዙ ያገኘው በ1999 በወጣው ደረጃ ነው፤ የፋይል ስም ካልተሰጠው ያንኑ ፋይል በሌላ የአከፋፈት ሁኔታ ይከፍታል፤ የትኛው ለውጥ እንደሚፈቀድ ግን ለየአቀናባሪው ትቶታል።

ለ«ስትሪም» «ፍሰት» እና «ጅረት» ቀርበውልናል። ፍሰት የድርጊት ስም ነው፤ ስም ወጥቶለት የሚዘጋና የሚከፈት ነገር አይመስልም። ጅረት ግን ገበሬው ወደ ሌላ ማሳ ቢያዞረውም ስሙን አይለቅም፤ የሚያጠጣው መሬት ነው የሚለወጠው። ለማዞሩ ከሁሉ የጣመን «መጥለፍ» ነበር፤ መስኖ የሚያለማ ሰው ወንዝ ይጠልፋልና። ይሁን እንጂ ቃሉ ከአፈናው ትርጉም ሌላ ዛሬ በኮምፒውተር ረገድ የሰውን ምስጢር ሰብሮ ለመግባት ስለዋለ፣ በአንድ ገጽ ላይ ሁለት ሥራ ብንሰጠው አንባቢው ይደናገራል። እያዘንን ትተነዋል።

ስለሆነም «ጅረት ማዞር» የሚለውን ለጠቅላላው ድርጊት መርጠናል። ለትእዛዙ የምናቀርበው ፍቺ «ነባሩን ፋይል ዘግቶ ጅረቱን በዚያው ስም ወደ ሌላ ፋይል ማዞር» የሚል ነው፤ «ዳግም መክፈት» በሁለተኛ ፍቺነት፣ ከ1999 ወዲህ ላለው አገባብ ብቻ ይመዘገባል።